ከብረት ጀልባው ጥላ ሥር የተቀመጡት

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለአኬሎ፣

ባሮ ከነዓሣው፣ ፒንጋቾ ከነሰዉ ሰላም ይሁን። የእርስዎ ጤና እንዴት ነው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴ ብዬ የምጽፍልዎት አባቴ ኦቹዶና ባለቤትዎ ኦጁሉ የወንድማማች ልጆች ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ስንገናኝ በአኙዋክኛ ብናወራም፣ መጻፍ ያስተማሩኝ በአማርኛ ስለ ሆነ ይኸው በአማርኛ እጽፋለሁ።

እዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጁ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አገሩ አንድ ትንሽ ታሪክ ጽፎ እንዲያቀርብ ታዘናል። አንዱ ስለ ገበያ ይጽፋል፣ አንዱ ስለ ድልድይ። እኔ የፒንጋቾ ቀበሌን ምርጫዎች ያዝኩ። አስተማሪያችን ሳቁና «የፈረሰ ቀበሌ ምርጫ ለማን ይጠቅማል?» አሉኝ። «ለተወዳዳሪዎቹ ልጆች» አልኳቸው።

ክልላችን ከተቋቋመ ጀምሮ ቀበሌዋ ከጎረቤቷ ጋር እስከ ተቀላቀለችበት ጊዜ ሦስት ምርጫ መደረጉን አውቃለሁ። ማን ተወዳደረ? ማን በስንት ድምፅ አሸነፈ? የቀበሌው መዝገብ ደብተር በእርስዎ እጅ እንደ ነበረ አልረሳሁም። መልሱን ጋምቤላ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቢሰጡልኝ ያደርሱልኛል።

ልጅዎ ኦሞት ኦቹዶ


ፒንጋቾ፣ ኅዳር 19 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለኦሞት፣

ድምፅህን ያሰማኝ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ወንዝ ዳር ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄ እስኪደርቅ ጠብቄ ከፈትኩት። እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ አስቸግሮኛል። መጽሐፍ ቅዱሱን ክንዴ እስኪዘረጋ ካላራቅሁት ፊደሉ ይዋኝብኛል። ናይሮቢ የንባብ መነጽር እንደ ልብ ይገኛል ይላሉ። ብታገኝ ላክልኝ።

የጠየቅኸኝ እነሆ። በ1986 የቀበሌው ሊቀ መንበር የነበረው ባለቤቴ በወባ ሲሞት የማሟያ ምርጫ ተደረገ። ተወዳዳሪው አንድ ብቻ ስለ ነበረ እጅ በማውጣት ተመረጠ። መራጩ መቶ ሠላሳ ያህል ነው፤ የተቆጠረው እጅ ግን መቶ ሰባ ሁለት ሆነ። ልጆች ማንጎው ላይ ወጥተው እጃቸውን ያወጡ ነበር። ሁለቱንም እጁን ያወጣ ትልቅ ሰውም አይቻለሁ። ማንም አልተከራከረም።

በ1987 በወረቀት መረጥን። ማንበብ ለማይችለው ሰው ብለው ለአንዱ ተወዳዳሪ የዓሣ፣ ለአንዱ የመቅዘፊያ ምልክት ሰጡ። ዓሣ አጥማጁን ቴኒን መቼም አትረሳውም፣ ያንን ቀልደኛ። እሱ የመቅዘፊያው ደጋፊ ነበር። አክስቱ ወረቀቷን ከትታ ስትወጣ ጠብቆ፣

«የት ላይ ምልክት አደረግሽ?» አላት።

«ዓሣው ላይ።»

«የእኛ እኮ መቅዘፊያው ነው!»

«መቅዘፊያ ይበላል እንዴ?» ብላው ሄደች።

ዓሣው 74፣ መቅዘፊያው 48 አገኘ። ቴኒ እስከ ዛሬ አክስቱን «ለሆድሽ ነው የመረጥሽው» ይላታል።

በ1988 ክረምት ባሮ ሞልቶ ግማሹን መንደር ወሰደው። ብዙ ሰው ወደ ከተማ ወጣ። በዓመቱ የቀረነውን ከጎረቤት ቀበሌ ጋር አቀላቀሉን፤ ማኅተሙንም ወሰዱ። ደብተሩን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

አባትህን ሁልጊዜ አስበዋለሁ።

እናትህ አኬሎ


ናይሮቢ፣ ጥር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለአኬሎ፣

በአዲሱ የመከር ወራት ቤትዎ ይሙላ። ስለ እጆቹ የጻፉልኝን ለክፍል ጓደኞቼ አንብቤላቸው አንድ ኡጋንዳዊ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። መነጽሩን እያፈላለግሁ ነው። ቁጥሩን ይጠይቁኛል፤ «ክንድ እስኪዘረጋ» ስላቸው አይገባቸውም።

አንድ ነገር ቀርቷል። የመጀመሪያውን፣ የ1984ቱን ምርጫ አልጻፉልኝም። ምናልባት ገጹ አምልጦዎት ይሆናል። የተወዳደሩት አባቴና ባለቤትዎ ነበሩ። እኔ ያን ቀን ጋምቤላ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የማውቀው አባቴ መሸነፉን፣ በሳምንቱም ዕቃውን ሸክፎ ወደ አቦቦ መሄዱን ነው። ሌላውን ሁሉ ጽፌ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ያ ገጽ ብቻ ነው።

ልጅዎ ኦሞት


ፒንጋቾ፣ የካቲት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለኦሞት፣

ጌታ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። ደብተሩን ፈልጌ አየሁት። ጎርፉ ያረጠበው ገጽ አለ፣ አይነበብም። ስለዚያ ምርጫ ሌላ ሰው ብትጠይቅ ይሻላል። ያን ጊዜ ከከተማ የተላከልን አስመራጭ መምህር እንየው ነበር። አሁንም ጋምቤላ ያስተምራል።

እዚህ ሙቀቱ በርትቷል። ወንዙ ጎድሎ ዳር ላይ የተጣለው የድሮው የብረት ጀልባ ሙሉ ለሙሉ ደረቅ ላይ ቀርቷል።

መነጽሩን ተወው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የማነበው የለኝም።

አኬሎ


ናይሮቢ፣ መጋቢት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለአኬሎ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በመከሩኝ መሠረት ለመምህር እንየው ጻፍኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ላኩልኝ። ኦጁሉ 61፣ ኦቹዶ 57፣ ድምፅ ያልሰጡ 9። ምርጫው ከተወዳዳሪው ኋላ በመሰለፍ እንደ ነበረ፣ ዘጠኝ ወንዶች ግን ሳይሰለፉ ከብረት ጀልባው ጥላ ሥር መቀመጣቸውን ጽፈውልኛል። ዘጠኙ እነማን እንደ ሆኑ እርሳቸው አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ። የቤታችን አማቾች ናቸው፤ የአጎቶቼን ሴት ልጆች ያገቡት።

እስካሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። አባቴ ከመሞቱ በፊት ባለው ዓመት የአልዌሮ ግድብ ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ ልጠይቀው ሄድኩ። ግድቡ አጠገብ ተቀምጠን መንጠቆ ጥለን ሳለ እንዲህ አለኝ፦ «ከምርጫው በኋላ ዘጠኙም አማቾች ለየብቻቸው ሰው ላኩብኝ። ሁሉም 'እኔስ ኦቹዶን ነው ያልኩት' አሉ። አንድ ሰው ቢለኝ አምን ነበር፤ ሁለትም ቢሆኑ። ወረቀቱ ላይ ግን አንድም የለም። ዘጠኝ ሰው አንድ ዓይነት ውሸት ከሚዋሽበት መንደር ምን እሠራለሁ?» ሲያገቡ ለግማሾቹ የጎደላቸውን የጥሎሽ ዶቃ የሞላላቸው እሱ ነበር። ስማቸውን ሳይጠራ ሞተ።

ቤተ ክርስቲያን ትምህርቴን ስጨርስ ለፒንጋቾና ለአካባቢው መንደሮች ወንጌላዊ አድርጋ ልትልከኝ ትፈልጋለች። እስከ ሰኔ መልስ እንድሰጥ ጠይቀውኛል። እምቢ እላለሁ። እነዚያን ሰዎች በዓይኔ እያየሁ ስለ እውነት መስበክ አልችልም።

እርስዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆጣሪዋ እርስዎ ነበሩ። ቁጥሩ ትክክል ነው? አዎ ይበሉኝና ጽሑፉን ልዝጋው።

ኦሞት


ፒንጋቾ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ኦሞት፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በምርቃት እጀምር ነበር። ዛሬ ለመመረቅ አፍ የለኝም።

ቁጥሩ ትክክል አይደለም። ገጹንም ጎርፍ አላረጠበውም። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን አባትህ ማንጎው ሥር፣ ኦጁሉ ቀበሌው በር ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ቀድመው ተሰለፉ። የአጎቶችህ ሚስቶች ሁሉ ከአባትህ ኋላ ቆሙ። አማቾቹ ሲመጡ ሰልፉ ውስጥ ያሉት የሚስቶቻቸው እናቶች ሆኑባቸው። ወጉን ታውቃለህ። ሰው የሚስቱን እናት ፊቷን እንኳ አያይም፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ መቆምማ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ሄደው ከብረት ጀልባው ጥላ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። በሽማግሌዎች ሸንጎ እንዲህ ያለ ሰው ሲኖር መልእክተኛ ይላክበታል፤ ቃሉንም ያመጣለታል።

መምህር እንየው ደገኛ ነው፤ ቋንቋችንን አይሰማም። አስተርጓሚውም ቆጣሪውም እኔ ነበርኩ።

«እነዚያ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለኝ። ወጉን አስረዳሁት። አንተም እንዳልከው ደግ ሰው ነው። «እንግዲያውስ ሂጂና ጠይቂያቸው» አለ። «የሚሉሽን እመዘግባለሁ። ድምፃቸው እንዳይቀር።»

ሄድኩ። አማት እንዳትሰማ ሁሉም በጆሮዬ ነበር የሚናገሩት። አንዱ ሌላው ያለውን አልሰማም። ከቴኒ ጀመርኩ። «ኦቹዶ ነዋ! ዶቃዬን ሞልቶልኝ ሌላ ብመርጥ ሚስቴ መች ታስገባኛለች?» አለኝ። ዘጠኙም ኦቹዶ አሉ። እንዳልረሳ ስማቸውን ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩ።

ከጀልባው እስከ መምህሩ ጠረጴዛ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያ መካከል ደመርኩት። ሃምሳ ሰባትና ዘጠኝ፣ ስድሳ ስድስት። አባትህ አሸንፏል።

ከምርጫው በፊት አባትህ «አኬሎ ጎበዝ ናት፤ እኔ ከተመረጥኩ ግን ደብተሩን ከከተማ የተማረ ልጅ ይይዘዋል» ብሎ ነበር። ክፋት አልነበረውም። እኔ ማንበብ የተማርኩት ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። መጠቅለያውን አለስልሼ፣ ስኳሩን አራግፌ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየሁ። ያ ደብተር በሕይወቴ የያዝኩት የመጀመሪያው ሙሉ ደብተር ነበር። ያልተጻፈበት ገጹ ገና ብዙ ነበር። ኦጁሉ ከተመረጠ ደብተሩ ቤቴ ይቀራል።

«እህስ?» አለኝ መምህሩ።

«ማንንም አልፈለጉም» አልኩት።

ይህ ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ኦጁሉ አያውቅም ነበር። ያሸነፈ መስሎት ሁለት ዓመት በቅንነት ሠራ፤ ሳያውቅም ሞተ። በእሱ ጊዜ የተተከለው የእጅ ፓምፕ ሲሚንቶ ላይ ስሙ አለ። እሱን አትጥላው።

አባትህ ወደ አቦቦ ሲሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት። አልጋውን በራሱ ተሸክሞ ነበር። «በርቺ አኬሎ» አለኝ፤ «ጽሑፍሽ ያምራል።» ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሲርቅ ቆሜ አየሁት።

ዘጠኙ ሰዎች አልዋሹም። እርስ በርሳቸውም አይተማመኑም፤ እያንዳንዱ ሌሎቹ ስምንቱ የከዱ ይመስለዋል። ስማቸውን ገልብጬ ልኬልሃለሁ። ዋናው በእጄ ነው። ግንቦት ላይ ስብሰባ አለ፣ የድሮውን ቀበሌ ሰነድ ሊረከቡ። እዚያ አነበዋለሁ።

ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን መልስ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንተ ታውቃለህ። እምቢ የምትል ከሆነ ግን በእኔ ምክንያት ይሁን እንጂ በእነሱ አይሁን።

አኬሎ


ፒንጋቾ፣ ሰኔ 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ ኦሞት፣

መልስህ አልደረሰኝም። እንዲደርሰኝም መጠበቅ አይገባኝም። የሆነውን ግን ልታውቅ ይገባሃል።

ስብሰባው ማንጎው ሥር ነበር። ደብተሩን አስረክቡ ሲሉኝ ተነሥቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ዓይኔ ባያሳየኝም ግድ አልነበረም፤ ስሞቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ከዚያ ምን እንዳሉኝና ምን እንዳልኩ ተናገርኩ።

ቴኒ ብድግ አለ። «ስድስት ዓመት!» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች በየልቅሶው ስሰድብ ኖርኩ!» ከጎኑ የነበረው «አንተማ በአፍህ ነው፤ እኔ በጎች ከልክዬሃለሁ» አለው። ሳቁ። ሲስቁ ያስፈራኝን ያህል ቢቆጡ አያስፈራኝም ነበር።

የቴኒ የሚስቱ እናት ከሴቶቹ መሐል ጀርባዋን እንደ ሰጠች ተናገረች። እሷም ለእሱ በቀጥታ አትናገርም። «ለዚያ ሰውዬ ንገሩልኝ» አለች፤ «ሌላ ጊዜ እኔ ልቀመጥ፣ እሱ ይቁም።»

አዲሱ ሊቀ መንበር ደብተሩን አገላብጦ «አሁን ምን ይደረጋል? ቀበሌው የለም፣ ወንበሩ የለም፣ የሚታረም ውጤት የለም» አለ። ያለው ልክ ነው።

ወንዝ ዳር ስወርድ ሴቶቹ የልብስ ማጠቢያ ድንጋያቸውን ትንሽ ራቅ አድርገውብኛል። አልከፋኝም። አንድ ሽማግሌ በእጅ ፓምፑ ላይ ያለውን የኦጁሉን ስም እንፋቀው ሲል ቴኒ ከልክሏል። «እሱም እንደኛ ተታሏል» አለ።

አኬሎ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአኬሎ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አንደኛው ስድብ ነበር። ሁለተኛው ስብከት ነበር፤ እሱ ከስድቡም የባሰ ነው።

ጽሑፉን አርሜ አስገብቻለሁ። ኦቹዶ 66፣ ኦጁሉ 61። አስተማሪው «ምንጭህ ማነው?» ብለው ጻፉበት። «ቆጣሪዋ» ብዬ መለስኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ መልስ እስከ ፋሲካ ድረስ ተራዝሞልኛል፤ እስከዚያ እዚሁ እቆያለሁ።

ዝም ካልኩባቸው ቀናት አብዛኞቹን ስለ እርስዎ አላሰብኩም። ስለ አባቴ ነው ያሰብኩት። ዘጠኙ ሰዎች አሁን አውቀዋል፣ እኔም አውቄአለሁ፣ መምህር እንየውም ጽፌላቸው አውቀዋል። ያላወቀው እሱ ብቻ ነው። የሞተ ሰው እንደማይሰማ ተምሬአለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ግን ማን ይነግረዋል?

ኦሞት


ፒንጋቾ፣ ጥር 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ልጄ ኦሞት፣

ጌታ በሄድክበት ሁሉ ቀድሞ ይገኝልህ። ይህን ለመጻፍ መንገዱ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።

ደብዳቤህን ለቴኒ አነበብኩለት። በሳምንቱ መጥቶ «አይሱዙ ተገኝቷል፣ ማክሰኞ አቦቦ እንሄዳለን» አለኝ። «እኔም?» ስለው «ማን ሊቆጥር ነው ታዲያ?» አለ።

ከዘጠኙ ሁለቱ ባለፈው ክረምት ሞተዋል። ሰባቱ መጡ። የአጎቶችህ ሚስቶችም ሦስቱ መጡ። በመኪናው ላይ ሴቶቹ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ፣ በመሐል የሰሌን ምንጣፍ ወጥረን ነው የሄድነው። ሹፌሩ ደገኛ ነው፤ «ተጣልታችኋል እንዴ?» እያለ እስከ አቦቦ ጠየቀን።

የአባትህን መቃብር የግድቡ ጥበቃዎች አሳዩን። ሣሩን አጥርተውለታል፤ ይወዱት ነበር። ሦስቱ ሴቶች ሳይነገራቸው ሄደው ከመኪናው ጥላ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ሰባቱ ወንዶች ከመቃብሩ ኋላ አንድ በአንድ ተሰለፉ። ቴኒ ከፊት ነበር። «ኦቹዶ» አለ፤ «ሰልፉ ረፍዷል እንጂ ቀጥ ያለ ነው።» ከኋላ ያለው ማልቀስ ሲጀምር «ቀጥ በል፣ እየተቆጠርን ነው» አለው።

እኔ ቆጠርኳቸው። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ሄጄ «እናንተስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንድ በአንድ በጆሮዬ ነገሩኝ። ተመልሼ የሁሉንም ቃል ጮክ ብዬ ለመቃብሩ ተናገርኩ። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም።

ና ብዬ አልጽፍልህም። እንዲህ ለማለት መብት የለኝም። የሆነውን ብቻ ጻፍኩልህ። ፊደሉ ከተንጋደደ ዓይኔ ነው፤ ይቅርታ።

አኬሎ


ናይሮቢ፣ የካቲት 17 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእናቴ ለአኬሎ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቴኒ፣ ሰላም ለሰባቱም።

መነጽሩን ገዝቻለሁ። ባለሱቁ ክንዴን ዘርግቼ ሳሳየው ገባው። በፖስታ ቢላክ ይሰበራል ብሎኛል፤ ስለዚህ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ልጅዎ ኦሞት